በደካማው እርምጃ

 

በዐረብኛ «ሰፈር» ማለት ጉዞ ነው። በእኛ በአማርኛ ደግሞ ሰፈር የምንለው ሰው ተረጋግቶ የሚኖርበትን መንደር ነው። መድረሳ ውስጥ ልጆች ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኙ ይስቃሉ። «ኡስታዝ፣ መሄድና መቀመጥ እንዴት በአንድ ቃል ይጠራል?» ይሉኛል። ዑለሞች ጉዞ «ሰፈር» የተባለው የሰውን ባሕርይ ገልጦ ስለሚያሳይ ነው ይላሉ፤ የቃሉ ሥር የመግለጥ ትርጉም አለውና። የሁለት ዓመት ከሁለት ወር ልጄን ይዤ የባሕር ዳር መንገድ ከተጓዝኩ ወዲህ ግን ዐረብኛውና አማርኛው ያን ያህል የተራራቁ አይመስሉኝም። ከሕፃን ጋር የሚጓዝ ሰው እየሰፈረ እንጂ እየገሰገሰ አይሄድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ አክስት ከብዙ ዓመታት በፊት ከድሬዳዋ ወደ ታጁራ ተድረው እዚያው ኖረዋል። ታጁራ በጅቡቲ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳር የምትገኝ ጥንታዊት የዐፋር ከተማ ናት። የሰባቱ መስጊዶች ከተማ እየተባለችም ትጠራለች። ነጫጭ ቤቶቿ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረዋል፤ ከጀርባዋ የጎዳ ተራሮች ቆመዋል። በድሮ ዘመን ከሸዋ የሚነሡ ሲራራ ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን እየነዱ ይወርዱባት የነበረች ወደብ ናት። ባለቤቴን በሕፃንነቷ ያሳደጓት እኚህ አክስቷ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ ላይ ጉልበታቸው ደክሞ ከቤት መውጣት አቆሙ። ስልክ በደወልን ቁጥር የሚጠይቁን አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ «የልጁን ፊት መች ነው የማየው?»

ዘመድና ጎረቤት ሁለት ዓይነት ምክር ሰጠን። አንዳንዱ «ልጁ ይደግ። ያ ሁሉ በረሃና ሙቀት ለዚህ ሕፃን አይሆንም። ሲያድግ ትሄዳላችሁ» አለ። ሌላው «ከሄዳችሁም ሳትቆሙ ድረሱ፣ አሳዩአቸውና ቶሎ ተመለሱ» አለ። ሁለቱም ከቅን ልብ የመጡ ምክሮች ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው አሮጊቷን ይረሳል፤ ሁለተኛው ሕፃኑን ይረሳል። ልጅ እስኪያድግ የሚጠብቅ ሰው፣ አዛውንቱም በዚያው ልክ ዕድሜ እንደሚጨምሩ ማሰብ አለበት። ዝምድናን መቀጠል በአላህ ዘንድ ያለውን ደረጃ የሚያውቅ ሙስሊም ይህን ያህል ቀጠሮ አይሰጥም። በሌላ በኩል ሕፃን ዕቃ አይደለም፤ ጭነን፣ ነድተን፣ አውርደን የምንመልሰው ነገር አይደለም። እሱም በአላህ ፊት የምንጠየቅበት አማና ነው።

ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ሁለቱን አማና አንድ ላይ ለመያዝ ወሰንን። እንሄዳለን፤ የምንሄደው ግን በልጁ እርምጃ ነው።

በቅድሚያ ወቅቱን መረጥን። ጅቡቲ በበጋዋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት ወራት፣ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ በረሃማው ነፋስም ፊትን ይለበልባል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ግን ለሰው የሚመች ነው። ስለዚህ ታኅሣሥን መረጥን። ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ በባቡር ሄድን። ፈረንሳዮች የሠሩት አሮጌው የባቡር መስመር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን ከተማችንም የተቆረቆረችው በእሱ ምክንያት ነው። የአሁኑ የኤሌክትሪክ ባቡር መደበኛ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በባቡር ውስጥ ሕፃን ከወንበር ወንበር ይመላለሳል፣ ከመንገደኛው ሁሉ ይተዋወቃል፣ ሲደክመው ይተኛል። ፈተናው የሚመጣው ከመኪና ጋር ነው።

ከጅቡቲ ከተማ እስከ ታጁራ በመኪና 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚወስደን ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሠራው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ከጎረቤቱ የሕፃን መቀመጫ ተውሰን ከኋላ ወንበር ላይ አሰርነው። በአገራችን ብዙ እናቶች ልጃቸውን በጭናቸው ይዘው ይጓዛሉ፤ ከእናት እቅፍ የበለጠ መጠበቂያ የሌለ ስለሚመስላቸው ነው። ለፍቅር እውነት ነው። መኪና ሲጋጭ ግን የእናት ክንድ ቀርቶ የጎበዝ ክንድም ያንን ሕፃን ሊይዘው አይችልም። ግመልህን እሰር፣ ከዚያም በአላህ ተመካ የሚለው ትምህርት ዛሬ ቀበቶ ማሰርን ይጨምራል።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የመንገደኛን ዱዓእ አድርገን ተነሣን። መንገዱ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ጭነት ከሚያመላልሱት ከባድ መኪናዎች ጋር ነው። ልጃችን እያንዳንዱን «ሲኖ! ሲኖ!» እያለ ሰላምታ ይሰጠው ነበር። ከወዓ ከተማ አለፍ ብሎ የታጁራው መንገድ ወደ ቀኝ ይገነጠልና ተራራውን እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ከዚያ በስተግርጌ ጉበት አል-ኸራብ የሚባለው ባሕር ይታያል። የባሕረ ሰላጤው ጫፍ ሲሆን ከዋናው ውሃ ጋር የሚገናኘው በአንድ ጠባብ በር ነው። ዙሪያው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ መሐሉ ጥልቅ ሰማያዊ ውሃ። ስሙ በዐረብኛ የጥፋት፣ የፍርስራሽ ትርጉም አለው፤ በላዩም ብዙ አስፈሪ ተረት ይነገራል። እኛ ግን ሕፃን ጭነን ነበርና በአላህ ፍጥረት ሱብሓነላህ አልን እንጂ ተረቱን አላወራንበትም። ሕፃን በተረት የሚፈራውን ነገር ሌሊት በእንቅልፉ ያገኘዋል።

ይሁን እንጂ ጠመዝማዛው ለልጁ አልተስማማውም። አራት ሰዓት ገደማ ላይ አስመለሰው። ጥቂት ሄደን ደግሞ አስመለሰው። ፊቱ ገረጣ፣ ውሃ ሲሰጡት እምቢ አለ፣ ዝም ብሎ እናቱን ብቻ ያይ ጀመር። ወላጅ የሆነ ሁሉ ያንን ዝምታ ያውቀዋል። የሚጮኽ ልጅ አያስፈራም፤ ዝም ያለ ልጅ ነው የሚያስፈራው።

ባሕሩን ቁልቁል በሚያሳየው ቦታ የጨውና የከበሩ ድንጋዮች የሚሸጡ ሰዎች ከመንገዱ ዳር ይቀመጣሉ። እዚያ ቆምን። የባለቤቴ ወንድም ሰዓቱን አየ። በዚያኑ ሌሊት የሥራ ተራ ስላለበት እኛን አድርሶ መመለስ ነበረበት። «ኡስታዝ፣ ይቅር ይበሉኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ብንታገሥ ታጁራ ነን። እዚያ ጥላም አልጋም ያገኛል። እዚህ ብንቆም ግን መቼ እንደሚሻለው አናውቅም» አለ። ያለው ነገር ውል ያለው ነበር። የእሱም እንጀራ ቀልድ አይደለም።

ባለቤቴ ግን ልጁን ከመቀመጫው ፈትታ አወረደችው። «አክስቴን የማውቃት እኔ ነኝ። ልጁን ደክሞ ከማየት ዘግይቶ ማየት ትመርጣለች» አለች።

ከሰሌን ከተሠራ ዳስ ሥር ተቀምጠው ጨው የሚሸጡ አንድ የዐፋር ሽማግሌ ምልክት አድርገው ጠሩን። እኔ ዐፋርኛ አልችልም፣ እሳቸውም አማርኛ አይችሉም፤ በመድረሳ የተማርኩት ዐረብኛ ግን አገናኘን። ሰሌናቸውን አነጠፉልን፣ ከጥላው የተሻለውንም ቦታ ለሕፃኑ ለቀቁለት። ባለቤቴ ኦ.አር.ኤስ የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከቤት ይዛ ነበር። አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣ በሻይ ማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ እያለች ታጠጣው ጀመር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያስተማሯትን ምልክትም ትመለከት ነበር። ሲያለቅስ እንባ አለው፣ አፉ አልደረቀም፣ ሽንቱም አልተቋረጠም። እነዚህ ምልክቶች ተበላሽተው ልጁ ደንዝዞ ቢሆን ኖሮ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ እንጂ መቀመጥ አይገባም ነበር። ማንኪያው በማንኪያ ላይ ሲደገም ከአንድ ሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወሰደው።

ሽማግሌው ስለምን እንደምንነጋገር ጠየቁኝና ነገርኳቸው። «እኛ መንጋ ስንነዳ ግልገሉ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ግልገሉን ጥሎ የሚሄድ እረኛ ማታ ምን ይዞ ይገባል?» አሉ። የባለቤቴ ወንድም ምን እንዳሉ ሲተረጎምለት ፈገግ አለና ስልኩን ይዞ ወደ ዳገቱ ወጣ። ሲመለስ ተራውን ከአንድ ባልደረባው ጋር ተለዋውጦ ነበር።

የሽማግሌው ቃል መድረሳ ውስጥ ስንት ጊዜ ያስተማርኩትን ነገር አስታወሰኝ። ዑሥማን ኢብኑ አቢል-ዓስ (ረ.ዐ.) የሕዝባቸው ኢማም በተደረጉ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላቱን ከመካከላቸው በደካማው ልክ እንዲያደርጉት አዘዟቸው። እሳቸውም ራሳቸው ሶላት ላይ ቆመው ለማስረዘም አስበው ሳለ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ የእናቱን ጭንቀት በማሰብ ያሳጥሩት ነበር። በጉዞም ላይ አንጀሻ የተባለው ግመል ነጂ በዜማው ግመሎቹን ሲያስገሰግሳቸው፣ ሴቶቹን ከብርጭቆ ጋር አመሳስለው ቀስ እንዲል ነገሩት። አንጀሻ ሐበሻ እንደነበረ ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ በሶላት ውስጥ እንኳ ጀማዓው የሚለካው በጠንካራው ካልሆነ፣ በመኪና መንገድ ላይ እንዴት በጠንካራው ይለካል? የቤተሰብ ጉዞ ፍጥነት የሚወሰነው በመኪናው ሞተር አይደለም። ከኋላ ወንበር በተቀመጠው በደካማው ነው።

ዙህር ሲገባ እዚያው ሰገድን። አላህ (ሱ.ወ.) ለመንገደኛ ያደረገው ማቅለል ምንኛ ሰፊ እንደሆነ የሚገባው ሕፃን ለያዘ ሰው ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ እንደተማርነው ዙህርን ሁለት ረከዓ፣ ዐስርን ሁለት ረከዓ አድርገን አንድ ላይ ሰበሰብን። እናቶች ብዙ ጊዜ ስለሚጠይቁኝ አንድ ነገር እዚህ ላይ ላንሣ። ሕፃን አቅፎ መስገድ ይቻላል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል፤ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲቆሙ ያነሷታል። ዳይፐሩ ነጃሳ የያዘ ከሆነ ግን በመዝሀባችን እሱን ተሸክሞ መስገድ ሶላቱን ያበላሻል። ስለዚህ አስቀድሞ መለወጥ ነው። ምግብ የጀመረ ወንድ ልጅ ሽንትም ልብስ ከነካ መታጠብ አለበት፤ ውሃ መርጨት የሚበቃው ለጡት ጠቢው ነው። ለዚህ ሲባል የሶላት ልብስ ለብቻው በፌስታል ታስሮ መያዙ ብዙ ችግር ያቃልላል።

ስምንት ሰዓት ላይ ልጁ ነቅቶ «ሲኖ የታለ?» ብሎ ጠየቀ። አልሐምዱሊላህ አልን። ለሽማግሌው ገንዘብ ብንሰጥ አልቀበልም አሉ፤ ቢሆንም ከሚሸጡት ጨው ገዛናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 የፈነዳው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ የረጨውን ጥቁር ድንጋይ እያሳየ ይሄዳል። ወደ ዐሳል ሐይቅ የሚወስደው መገንጠያም እዚያው ነው። ይህ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ይወርዳል፤ በአፍሪካ ምድር ከእሱ የሚያንስ ዝቅተኛ ቦታ የለም። የባሕሩ ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ይገባበታል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ ጨዉ ይቀራል፤ ጨዋማነቱም ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ነው። የዐፋር ቅፍለቶች ከዚያ ጨው እየጫኑ ወደ አገራችን ሲያመላልሱ ኖረዋል። የባለቤቴ ወንድም ሊያሳየን በጣም ጓጉቶ ነበር። እኔም የምመኘው ቦታ ነው። ነገር ግን ከጉድጓዱ በታች ያለው ሙቀትና ነጸብራቅ ገና ላገገመ ልጅ አይሆንም። «ሐይቁ ይቆየናል» አልኩትና አለፍን። በየግማሽ ሰዓቱ እየቆምን፣ ልጁን እያስወረድን፣ ከባሕሩ ዳር ጠጠር እያስወረወርን ሄድን።

ታጁራ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትቃረብ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ የጠበቁን አክስታችን በራቸው ላይ ትራስ አስደግፈው ተቀምጠው ነበር። ልጁ ከመኪናው ወርዶ በራሱ እግር ሄደላቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን በመዳፋቸው ያዙና ብዙ ሰዓት አዩት፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። ከዚያም «ግቡ፣ መግሪብ ነው፣ ልጁን ውጭ አታቁሙት» አሉን። ሲመሽ ሕፃናትን ወደ ቤት መሰብሰብ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት መሆኑን አሮጊቶቻችን በኪታብ ሳይሆን በኑሮ ያውቁታል።

ሌሊቱን አጎበር ተዘርግቶ ተኛን። ይህን ለሚጓዝ ቤተሰብ ሁሉ አሳስባለሁ። በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባና ወባ የሚያስተላልፍ እንግዳ ዓይነት ትንኝ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እኛም በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2022 በዚሁ ትንኝ የመጣውን የወባ ወረርሽኝ አይተናል። ስለዚህ የሕፃን አጎበር ከሻንጣው ሊጎድል አይገባም።

በማግስቱ ከጁሙዓ በኋላ አክስታችን ያልጠበቅነውን ነገር ጠየቁ። «ልጁ ባሕር ሲያይ ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። በወንበር ተሸክመን ወደ ዳርቻው ወሰድናቸው። ልጁ መጀመሪያ ማዕበሉ ሲመጣ እየሸሸ፣ ሲመለስ እያሳደደ ነበር። እኔ ከክንዴ ርቀት አልለየውም፤ ሕፃን ጉልበት በማይደርስ ውሃም ሊሰጥም ይችላልና። በኋላ እርጥብ አሸዋ በሁለት እጁ እያፈሰ በአክስታችን ጭን ላይ ይከምር ጀመር። ባለቤቴ ደንግጣ ልታስቆመው ስትነሣ «ተዪው ልጄ፣ ይጫወት» አሏት። ልብሳቸው እስኪርስ ድረስ ጭናቸውን አስተካክለው ያዙለት።

ያኔ ኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ.) ትዝ አለችኝ። ወላጆቿ ወደ ሐበሻ የተሰደዱ ሶሓቦች ነበሩ፤ የተወለደችውም በሐበሻ ምድር ነው። በሕፃንነቷ ከወላጆቿ ጋር ቀይ ባሕርን ተሻግራ ወደ መዲና ሄደች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልብስ አልብሰዋት በሐበሻ ቋንቋ ያማረ ነው ለማለት «ሰናህ» አሏት፤ እኛ ሠናይ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ቃል ነው። ሕፃኗ በነቢዩ ትከሻ መካከል ባለው የነቢይነት ማኅተም ስትጫወት አባቷ ተቆጣት፤ እሳቸው ግን እንዲተዋት ነገሩት። ሕፃናትን ይዘው ያንን ባሕር በመርከብ የተሻገሩ እናቶች አልጋም፣ ኦ.አር.ኤስም፣ የመኪና መቀመጫም አልነበራቸውም። ልጁ እስኪያድግ እንቆይ አላሉም። የደረሱባቸው ታላቅ ሰው ደግሞ ልጁን ሲያዩ መጀመሪያ ያሰቡት ለልብሳቸው ወይም ለክብራቸው አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ተሰናብተን በዚያው መንገድ፣ በዚያው እርምጃ ተመለስን። ሽማግሌው በዳሳቸው ነበሩ፤ ልጁን ሲያዩ እጃቸውን አነሡለት። አክስታችን ከአራት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ወደ አላህ ሄዱ። እስከዚያ ድረስ በስልክ የሚጠይቁት ጥያቄ ተለውጦ ነበር። «ያ አሸዋ ጫኙ ደኅና ነው?» ነበር የሚሉት። አላህ ይዘንላቸው፣ ቀብራቸውን ያስፋላቸው።

ውድ ወላጆች! ልጅ ስለወለዳችሁ ዘመድ ከመጠየቅ አትቅሩ። የሚጠብቋችሁ አዛውንት ልጁ እስኪያድግ ላይቆዩ ይችላሉ። ስትሄዱ ግን የመንገዱን ሰዓት ከመኪና አትቁጠሩ፤ ለሦስት ሰዓት መንገድ ቀኑን ሙሉ መድቡ። ከሻንጣችሁ ሁሉ በፊት ውሃውን፣ መድኃኒቱን፣ የሚለወጠውን ልብስ፣ አጎበሩን አዘጋጁ። ለሾፌሩ፣ ለሚቀበላችሁም ሰው ዘግይታችሁ ልትደርሱ እንደምትችሉ አስቀድማችሁ ንገሩ። ማየት የምትፈልጉትን ሁሉ ለማየት አትሳቡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሐሰንና ለሑሰይን (ረ.ዐ.) ያደርጉ እንደነበረው ልጆቻችሁን በዱዓእ ከክፉ ነገር አስጠብቁ፤ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ለኢስማዒልና ለኢስሓቅ ያደርጉት የነበረ ዱዓእ ነው። ደካማው ሲቆም ቁሙ። ዘግይቶ በሰላም የደረሰ ቤተሰብ አልዘገየም።

አላህ (ሱ.ወ.) መንገዳችንን ያግራልን፣ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፣ አዛውንቶቻችንን በሕይወት ሳሉ የምንጠይቅ ያድርገን። አሚን።